ክር ልትገዛ ሄዳለች

ውድ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? በስልክ እንዳልጠይቅዎ ያለፈው ጊዜ በቂ ትምህርት ሆኖኛል። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብዬ ስጮህ «አዎ፣ ማታ ዘንቧል» አሉኝ። «ጉልበትዎስ?» ስል «ልጅቷ ገበያ ሄዳለች» አሉኝ። ጎረቤቴ ጩኸቴን በግድግዳው ሰምቶ የተጣላሁ መስሎት ሊገላግል መጣ። ስለዚህ ከእንግዲህ በመካከላችን ወረቀት ይግባ። ወረቀት መነጽር እንጂ ጆሮ አይፈልግም። መነጽርዎ ደግሞ እንደ ልማዱ ግንባርዎ ላይ ነው፤ እዚያ ይፈልጉት።

ልጅዎ ሁሉን ነግራኛለች። ሐኪሙ ይረፉ ቢልዎ እምቢ ብለው የቤቱን መጋረጃ በሙሉ አውርደው እንደ አዲስ እየሰፉ ነው አሉ። እድሜ ልክዎን ሰውን ሁሉ «ሂዱ እረፉ» ሲሉ ኖረው፣ ተራው የእርስዎ ሲሆን ቃሉ ጠፋብዎ?

የምጽፈው ግን ለመቀለድ ብቻ አይደለም። ለመቀለድም ነው፤ አልዋሽም። ዋናው ምክንያት የልጅ ልጄ ናት። ያቺ አንድ ቀን ስፌት ቤትዎ ይዣት መጥቼ የክር ጥቅሎቹን ወለል ላይ እንደ መኪና እየነዳች አገሩን ሁሉ ያወሳሰበችብን ትንሽዬ። ዛሬ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆናለች። አንሶላና ፎጣ ታዛለች፤ እኔንም ልታዝ ይቃጣታል።

ባለፈው ሰሞን ልትጠይቀኝ መጣችና ሻይዋን ሳትነካ ተቀመጠች። ይህች ልጅ ሻይ ካቀዘቀዘች ነገር አለ ማለት ነው።

«ምነው አለቃ? አንሶላ ጠፋ?» አልኳት።

«አባባ፣ ቀልዱን ተወው። አንዲት ሠራተኛ አለችኝ» አለች።

ሴትየዋ ልብስ ተኳሽ ናት። በዚያ ሁሉ እንፋሎት፣ ሌላው ክንዱን ገልጦ በሚሠራበት ሙቀት፣ እሷ እስከ አንጓዋ የሚደርስ እጅጌ ትለብሳለች። ጠዋት ታረፍዳለች። ባሏ በየሰዓቱ ይደውላል፤ መጥታለች ወይ፣ ወጥታለች ወይ፣ ከማን ጋር ናት። አንድ ቀን ቅንድቧ ተሰንጥቆ መጣችና «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች። ቤቷ ደረጃ የሚባል ነገር እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። የሆቴሉ አስተዳዳሪ ደግሞ በበኩሉ «ወይ ሥራዋን ታስተካክል፣ ወይ አሰናብቻት» ብሏል።

«እኔ ግን ተሟገትኩላት» አለች የልጅ ልጄ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። «አላሰናብታትም አልኩት። በምትኩ ረዘም ያለ ፈቃድ ከነደመወዟ እሰጣታለሁ። ቤቷ ሄዳ ትረፍ። ጥሩ አላደረግኩም?»

እትዬ፣ ሻዩ ትን አለኝ። ልጅቷ ጀርባዬን እየደበደበች «ምን አልኩ? ምን አልኩ?» ትላለች፤ ለእኔ ግን የሚታየኝ እርስዎ ነዎት። ሜትርዎን አንገትዎ ላይ ጥለው፣ መርፌ ደረትዎ ላይ ሰክተው፣ ከቢሮዎ በእንጨቱ ደረጃ ቋ ቋ እያሉ ሲወርዱ።

ያን ቤት ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ረጅሙ አዳራሽ፣ በመስኮቱ ሥር የተደረደሩት የስፌት መኪናዎች፣ በመሀል የእኔ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በስተኋላ የልብስ ተኳሹ ጓዳ ከነጉሙ። የጋለ ጨርቅና የመኪና ዘይት ሽታ። ቁርጥራጩ ክር ሱሪያችን ላይ ተለጥፎ አብሮን ቤት ይገባ ነበር። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማታ ከጉልበቴ ላይ ክር እየለቀመች «ዛሬ ሰማያዊ ነው የሰፋችሁት» ትለኝ ነበር። አሁን ሱሪዬ ንጹህ ነው። ንጹህ ሱሪ ምን ያደርግልኛል?

የእርስዎን መድኃኒት ደግሞ አገር ያውቀው ነበር። ሰው መርፌ ቢሰብር «ሂድ እረፍ»። አማቱ ብትታመም «ሂድ እረፍ»። አማቱ ብትድንም «ሂድ እረፍ»። ከኋላዎ ያወጣንልዎ ስም «እትዬ ሂዱ-እረፉ» ነበር። ይኸው ዛሬ አወቁት፤ ከዚህ ርቀት ሜትር አይደርስብኝም። ልብስ ተኳሹማ ደረጃውን ከመውጣቱ በፊት ካውያውን ግንባሩ አጠገብ ያዝ አድርጎ ያሞቀው ነበር። «እትዬ፣ ግንባሬን ይንኩልኝ» ይላል። እርስዎ ይነካሉ፤ «ውይ በሞትኩት!» ይላሉ፤ እሱ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ደጉ ልብዎ አንድም ቀን አልጠረጠረም።

ከዚያ የሬዲዮ ነገር መጣ።

ሬዲዮ ያልናት የአዝራር ቀዳዳ ሠሪዋን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስለምታንጎራጉር፣ በዜማው መሀል ደግሞ የሰፈሩን ወሬ ስለምታስገባ። ድምፅዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቅጥ የወጣ ነበር፤ ግን እጄ የለመደው እሱን ነበር። መቀሴ በእሷ ዜማ ነበር የሚሄደው። ካገባች በኋላ ዜማው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና አንድ ሰሞን ጭራሽ ዝም አለ። ደረጃው ሥር ያለው ስልክ ግን ዝም አላለም። «ሬዲዮ! ባልሽ ነው!» ብለን እንጮህ ነበር። «ምን ዓይነት ፍቅር ነው፣ በየሰዓቱ!» እያልን እንቀናባት ነበር፣ እኛ ጅሎች።

አንድ ጠዋት ጉንጯ አብጦ መጣች። «የቁም ሳጥን በር መታኝ» አለች። እርስዎም ያችን የታወቀችዋን ቃል አወጡ፤ «ውይ ልጄን! ሂጂ እረፊ። እብጠቱ እስኪጠፋ እንዳትመጪ፤ ደመወዝሽ አይነካም።» ልብስ ተኳሹ በቅናት አረረ፤ «እኔ ካውያ ተሸክሜ የማላገኘውን በቁም ሳጥን አገኘችው» አለ። እሷ አመስግና፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ገበር ላመጣ ጨርቅ ማከማቻው ገባሁ። በሁለት ጣቃ መሀል፣ በዚያች ጠባብ መስኮት ብርሃን፣ ሬዲዮ ተቀምጣ ኮት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የአዝራር ቀዳዳ በእጇ ትሠራለች።

«አንቺ! እረፍት አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ በእናትህ ለእትዬ እንዳትነግርብኝ» አለች። ቀና አላለችም። «እያረፍኩ እኮ ነው። ሌላ የማርፍበት የለኝም።»

እትዬ፣ እኔ ወሬኛ ሰው መሆኔን ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ገበሩን ይዤ፣ አፌን ዘግቼ ወጣሁ።

ሚስጥሩን ያወጡት ኮቶቹ ናቸው። ቀዳዳ ሠሪዋ እረፍት ላይ ናት፤ ቀዳዳው ግን እየተሠራ ነው። ኮቱን ብርሃን ላይ አንስተው «ማነው የሠራው?» ሲሉ ሁላችንም ሥራችን ላይ አጎነበስን። ያ የተባረከ ልብስ ተኳሽ ዘሎ «እኔ ነኝ!» አለ። እርስዎ ከደረትዎ መርፌ ነቅለው ከክር ጋር ሰጡት፤ «እስቲ አስገባ» አሉት። ያ ሰውዬ በእንፋሎት ውስጥ ያላላበውን ላብ በመርፌ ቀዳዳ ፊት አላበው። እርስዎም ትተውት በቀጥታ ወደ ጨርቅ ማከማቻው ሄዱ።

አሁን እስከ ዛሬ የማያውቁትን ልንገርዎ። ተኳሹ ከመርፌው ጋር ሲታገል ሬዲዮን ላስጠነቅቅ ቀድሜዎ ሾልኬ ገብቼ፣ እዚያው ከሱፍ ጣቃዎቹ ጀርባ ነበርኩ። መውጣትም መቅረትም አቅቶኝ እንደ ጣቃ ቆሜ ቀረሁ። ስለዚህ ሁሉን ሰማሁ።

ማን መታሽ ብለው አልጠየቋትም። ለምን ዝም አልሽው፣ ለምን አትተይውም አላሉም። ጣቃ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ፣ «ወደዚያው ቤት ነው ለካ እረፊ ብዬ የምልክሽ» አሉ፤ ድምፅዎ የእርስዎ አይመስልም ነበር። «እኔ ማዘዝ እንጂ መጠየቅ አለመድኩም። ዛሬ ልጠይቅ። ምን ላድርግልሽ?»

«አያባርሩኝ» አለች ሬዲዮ። «ሥራዬን ካጣሁ በሩ ሁሉ ተዘጋብኝ። እሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

«አላባርርሽም። ሌላስ?»

«ስልኩ...» አለችና ቆመች። «ስልኩ ሲደወል ጣቴን በመርፌ እወጋለሁ።»

«ሌላስ?»

«በመስኮቱ ያየኛል። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ።»

«ሌላስ?» እያሉ፣ እያሉ፣ ልክ ለልብስ ልክ እንደሚወስዱ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ። እሷ ያላለችውን አንዲት ነገር ከራስዎ አልጨመሩም።

በማግስቱ ስፌት ቤቱን ገለበጡት። መኪናዎቹን ሁሉ ከመስኮቱ አንስተው፣ ያኛውን እዚህ፣ ይህኛውን እዚያ፣ የእኔን ጠረጴዛ ከመሀል ወደ ጥግ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። «እትዬ ለየላቸው» ተባባልን። ብርሃን ጠፋብን፣ ወገባችን ተቆረጠ፣ ሰሞኑን ሙሉ አጉረመረምን። ሬዲዮ ከእኔ ጠረጴዛ ጀርባ፣ ከመንገድ በማትታይበት ጥግ መቀመጧን ያስተዋለ አልነበረም። ሁሉ ሰው ሲነቀል፣ የተፈለገው እሷን ብቻ ማንሳት መሆኑን ማን ሊያይ? ያን ጊዜ ያጉረመረምኩትን ዛሬም አልሽረውም፤ ያ ጥግ በእውነት ብርድ ነበረው።

ስልኩም ወደ ቢሮዎ ወጣ። መውጫ ሰዓቷም ከቀን ቀን ተለዋወጠ፤ አንዳንዴ ቀድማ፣ አንዳንዴ ዘግይታ፣ በተኳሹ ጓዳ የኋላ በር በኩል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የክሩን ቀን ነው። ሬዲዮ በሥራ ሰዓት የለችም። ልብስ ተኳሹ በአዳራሹ መሀል ቆሞ «ሬዲዮ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀ። እርስዎ ደግሞ ውሸት የማይሆንልዎ ሰው! ፊትዎ ቀላ፣ ዙሪያዎን ተመለከቱ፣ ከዚያ «ክር... ክር ልትገዛ ሄዳለች» አሉ።

ከጀርባዎ ያለው መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ክር ነበር። ቀይ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ማንም የማይሰፋበት ወይን ጠጅ ክር። ሁላችንም መደርደሪያውን አየን። እርስዎን አየን። አንድ ሰው አልሳቀም። አንድ መኪና ተነሳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሁሉም ሥራውን ቀጠለ። እትዬ፣ ማንም ምንም ሳይነግረን ሁላችንም ያወቅነው ያኔ ነው።

ማምሻውን ባዶ እጇን ተመለሰች። ያ ወሬኛ ተኳሽ ጠጋ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ፣ «ክሩ ተገኘ?» አላት።

አየችው። «ዛሬ የለም፤ ሌላ ቀን ተመለሺ አሉኝ» አለች።

«እነሱ እንደዚያ ናቸው። መመላለስ ነው» አላት።

ፍርድ ቤት ስትሄድ ክር፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ ክር፣ የሚከራይ ክፍል ስትፈልግ ክር። ደመወዟ ሳይጎድል፣ ስሟ ሳይነሳ። እንደዚያ ክር የተገዛለት ስፌት ቤት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ባልየው የመጣ ዕለት እርስዎ የሚያውቁት ከላይ ያዩትን ነው፤ እኔ ከታች የሆነውን ልንገርዎ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ እጅ ነስቶ ነው የመጣው። ቀንድ ያለው ሰው ስንጠብቅ ጨዋ መጣብን። ዘበኛችን፣ ለሁሉ ሰው «ቆይ አንዴ» ስለሚል ቆይ-አንዴ ያልነው፣ በሩ ላይ ተገተረ።

«ባለቤቴን ጥራልኝ፣ አባቴ።»

«ቆይ አንዴ» አለ ቆይ-አንዴ። ኪሱን ፈተሸ፣ ቁልፉን ፈተሸ፣ ሰማዩን አየ። «ማን ነበረች?»

ባልየው ስሟን ነገረው።

«እሷማ ክር ልትገዛ ሄዳለች።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«እንደ ክሩ ርዝመት ነው።»

እሷ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛዬ ሥር ነበረች። የኮቴን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ። ኮቴን በጎተተች ቁጥር መቀሴ ከመስመሩ ይወጣል። ዝም ብዬ እቆርጣለሁ፤ ምን እንደምቆርጥ አላውቅም። ሰውየው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንድ መኪና ቆመ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። ያ ቤት በሥራ ሰዓት ዝም ብሎ አያውቅም ነበር፤ ዝምታው ከጩኸት ባሰ። እርስዎ ሜትርዎን አንገትዎ ላይ እንዳንጠለጠሉ ወረዱ።

«እትዬ፣ ይህ የቤት ጉዳይ ነው። እርስዎን አይመለከትም» አለዎ።

«ልክ ነህ፤ ቤትህን አላውቀውም» አሉት። «ይህኛው ቤት ግን የእኔ ነው። እዚህ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይመለከተኛል።»

«እንግዲያው ያሰናብቱልኝ። ሥራዋን እንድትተው ወስኛለሁ።»

«እሷ ስትወስን ራሷ ትነግረኛለች።»

«ደጅ ቆሜ እጠብቃታለሁ።»

«ቆመህ ጠብቅ» አሉት፣ ለእንግዳ ወንበር እንደሚያቀርብ ሰው። «የፖሊሶቹን የደንብ ልብስ የምንሰፋው እኛ ነን፤ ደውዬላቸዋለሁ፤ ለልክ አሁን ይደርሳሉ። አንተም ብቻህን አትሰለችም።»

ሲሄድ ጫማው እንዳበራ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት ደግሞ አንድ ትከሻ ያለው ኮት ነው። ኮቱን አንስተው አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ያልተቆጡኝ አንድ ቀን ቢኖር እሱ ነው።

ታዲያ በዚያ አበቃ ቢባል ተረት ይሆን ነበር። ጥቂት ቆይታ ወደ እሱ ተመለሰች። ተናደድን፤ «ይበላት! ስንቱን ሆነንላት!» አለ ተኳሹ። እርስዎ ዞር ብለው ያሉትን ለልጅ ልጄ ቃል በቃል ነግሬያታለሁ፦ «የሆንነው እንድትታዘዘን ነው እንዴ? አንድ አዛዥ መች አነሳት!» ወንበሯን ሰው እንዳይቀመጥበት አደረጉ። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ራስዎ ሲያራግፉ አይቻለሁ። ስትመለስም «የት ቆየሽ» ያላት የለም። ቆይ-አንዴ ብቻ በሩን እየከፈተ «ክሩ ራቀ እንዴ?» አላት፤ እሷም «ራቀ» አለች። ሁለተኛ አልሄደችም። ክፍል አገኘች፤ ፍርድ ቤቱም ሰውየው እንዳይደርስባት ወሰነ።

ከዚያ ያች ጠዋት። ዝናብ አባርቶ፣ መስኮቱ እየተንጠባጠበ። ከጀርባዬ፣ ከብርዱ ጥግ፣ ከቅጥ የወጣ ዜማ። መቀሴ በራሱ ሄደ። ማንም አንገቱን አላዞረም፤ እንዳትቆም ፈርተን። ከላይ ግን ወደ አዳራሹ የሚያየው የቢሮዎ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ያን ያህል አልሞቀም ነበር፣ እትዬ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ሻይዋ በረዶ ሆነ።

«ታዲያ ፈቃዱ ስህተት ነው ማለት ነው?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ለእሷ ፈቃድ ይሻላት ይሆናል፤ ጥግም ይሻላት ይሆናል። ጠየቅሻት?»

«አፈርኩ። ብትዋሸኝስ?»

«ትዋሽሽ። አንቺ ጠይቀሽ በሩን ክፍት ተይው።»

ዣንጥላዋን ረስታ ወጣች። አለቃ ሆና እንኳ ዣንጥላ መያዝ አልቻለችም። ሰንበትበት ብዬ፣ ዣንጥላውን ምክንያት አድርጌ፣ ልሰልል ማጠቢያ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለት ሠራተኞች ያጉረመርማሉ፤ «አዲሷ አለቃ ለየላት! ጠረጴዛውን ሁሉ ገለበጠችው፣ ወገቤ ተቆረጠ!» ሳቄን በዣንጥላው ሸፈንኩ።

ውስጥ ገብቼ ቆሜ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ፎጣ የሚቆጥረው ሸበቶ ሰውዬ አነሳው። «አይ፣ የለችም» አለ። «ክር ልትገዛ ሄዳለች... እሱን እንግዲህ እንደ ክሩ ነው።» ዘጋና ፎጣውን ቀጠለ።

እትዬ፣ ዙሪያዬን አየሁ። ማጠቢያ፣ ማድረቂያ፣ ካውያ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ አንሶላ። በዚያ ቤት አንዲት መርፌ የለችም። ከአንሶላው ቁልል ጀርባ፣ ከበሩ በማትታይበት ጥግ፣ አንዲት ሴት ልብስ ትተኩሳለች። ስልኩን ሰምታለች፤ እጇ ግን አልቆመም። ሙቀት ነበር። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላዋለች።

የልጅ ልጄ ዣንጥላውን ተቀብላኝ «አባባ፣ ለምን መጣህ?» አለች። «ክር ልገዛ» አልኳት።

ሬዲዮ ሰላም ብላዎታለች። የራሷ ስፌት ቤት አላት፤ ድምፅዋ አሁንም አልተሻሻለም። ዝናቡ ሲያባራ ሁለታችን ልንመጣ ተስማምተናል፤ መጋረጃውን እሷ ትጨርሰዋለች፣ እኔ እቆርጠዋለሁ፣ እርስዎ ይቆጡናል። ልጆቼ አባታችን የት ሄደ ብለው ቢጨነቁ ምን እንደሚባሉ ያውቃሉ።

እስከዚያው ግን፣ እትዬ፣ ይረፉ። ቤትዎ እረፍት ያለበት ቤት ነው።

በእርስዎ አነጋገር አንድም ቀን በልክ ቆርጦ የማያውቀው፣
ቆራጭዎ